ወጋየሁ፣ ሊሾውና ኤሊው

ሀና ማርያም አካባቢ ግቢውን ሊሾ ያስደረገ ሰው ወጋየሁን ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ቢሆን ሥራውን ረግጦ አልፏል። ከመካኒሳ እስከ ለቡ ስንት በረንዳና ስንት ሳሎን በእጁ እንዳለፈ ራሱም ቆጥሮት አያውቅም። ሊሾ ማለት ሲሚንቶ አፍስሶ መሄድ የሚመስለው ሰው ካለ ከወጋየሁ ጋር አንድ ቀን ይዋል። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ የሚጠበቅ ሰዓት አለ፤ ከቸኮሉ ይጨማለቃል፣ ከዘገዩ እንቢ ይላል። ያቺ ሰዓት ስትደርስ ወጋየሁ በጉልበቱ ይንበረከክና ደረቅ ሲሚንቶ እየነሰነሰ በብረት ማለስለሻው ይጠርገዋል፣ ደግሞ ይጠርገዋል። በመጨረሻ ወለሉ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ያን ጊዜ ብድግ ብሎ ወገቡን ይዞ "ሦስት ቀን ድመት እንኳ እንዳትረግጠው" ይላል፤ ይህን ሲል ቀልድ የለውም።

ከቦዲቲ ሲመጣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ሲሚንቶ ተሸከመ፣ ቀጥሎ አቦካ፣ ከዚያ አንድ ክፉ አመል ያለው ግንበኛ ሥር ገብቶ እየተሰደበ ሙያውን ለመደ። አሁን ሃምሳ ስምንት ሞልቶታል። ጉልበቱ ላይ ያለው ቆዳ ጠንክሮ ተረከዝ መስሏል። ሚስቱ ውብነሽ፣ የጸሎት ሰው ናትና፣ "ይህን ያህል ለጌታ ብትንበረከክ ኖሮ ስንት ተራራ ይነሣ ነበር" ትለዋለች። እሱም ይስቅና "ተራራው ከተነሣ ሜዳውን ማን ሊሾ ያደርገዋል?" ይላታል።

ወጋየሁ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ከሥራ ሲገባ እጁን ከሲሚንቶ ታጥቦ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ተቀምጦም አንድ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ግቢውን በግድግዳው ጥግ ጥግ ይዞራል፣ በሩን ያያል፣ መጨረሻ ላይ ወጋየሁ እግር ሥር መጥቶ ይቆማል። ይህ እንግዳ ኤሊ ነው፤ ስሙም ሻምበል ይባላል።

ሻምበል የመጣው ከመቂ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ወጋየሁ እዚያ የመጋዘን መሠረት ሲያስቆፍር አንዱ ቆፋሪ በዶማ ሊመታው ደረሰ፤ ወጋየሁ ጮኾ አስጣለው፣ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ከተተውና በአይሱዙ ጋቢና ጭኑ ላይ አድርጎ አዲስ አበባ አስገባው። ውብነሽ ከረጢቱን ስትከፍት ያመጣላት ሽንኩርት መስሏት ነበር። ለሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን የመጨረሻ ልጃቸው ያኤል፣ ያኔ ገና ዳዴ የምትል፣ ከኤሊው ጋር ጎን ለጎን ስትድህ አየችና ኩርፊያው በዚያው ቀረ። ግቢውን ደረቱን ነፍቶ እየዞረ ስለሚፈትሽ ሻምበል ተባለ። ጎረቤቱም፣ ውብነሽ የምትጸልይበት የቤት ኅብረትም፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬም "ሻምበል እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ወጋየሁ ይወደዋል። ለምን ቢባል ምክንያት አይደረድርም፤ ይወደዋል፣ በቃ።

አምና፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወጋየሁ የሃያ ዓመት ዕዳውን ለውብነሽ ከፈለ። የሰው ግቢ ሲያሳምር የራሱ ግቢ ጭቃ ነበር፤ ውብነሽም በየክረምቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትገባ የምትለውን ትለው ነበር። አንድ ሳምንት ሥራ አልቀበልም ብሎ ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ ድንጋይ ነጠፈ፣ ብረት ዘረጋ፣ ለሰው ከሚያደርገው እጥፍ አወፍሮ አፈሰሰው። አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ አላስቀረም። ሲያልቅ ጎረቤቱ እየመጣ አፉን በመዳፉ ይዞ አየ። ውብነሽ በካልሲ ወጥታ ተራመደችበት።

ሻምበልም ተራመደበት። እንዲያውም ሊሾው ላይ ሲሄድ እግሮቹ ቸክ ቸክ ይላሉ፣ ድምፁ ደስ ይላል ይሉ ነበር።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ግን ወጋየሁን የሚያናድድ ነገር መጣ። ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በደንብ የሚመታው ጥግ ላይ፣ ሊሾው ተጫጭሮ አገኘው። ኤሊው ነው። በኋላ እግሮቹ እየቧጠጠ መስመር መስመር አውጥቶበታል። ወጋየሁ "አንተ ሽማግሌ፣ ምን ያንቀዠቅዥሃል?" ብሎ ትንሽ ሲሚንቶ በጥብጦ ጭረቱን ደፍኖ አለሰለሰው። በነጋታው ደግሞ ተጭሮ አገኘው። ደግሞ ደፈነው። ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ እንዲሁ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ጭረቱ ላይ ትንሽ ደም አየ፤ ጥፍሩ ተሰብሮ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከዚያ ሻምበል መብላት አቆመ። ጎመን ቀረበለት፣ አልነካም። ሐብሐብ ቀረበለት፣ በዓመት አንዴ የሚገዛለትና የሚሞትለት ሐብሐብ፣ ፊቱን አዞረ። ማታ በረንዳው ሥር አልመጣም። ስድስት ቀን ሲሞላው ወጋየሁ ለቡ ላይ የያዘውን ሥራ ለረዳቱ ጥሎ ሐኪም ፍለጋ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው መካኒሳ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው።

"ለላም ነው ለበግ?" አለ ሻጩ፣ ቀና ሳይል።

"ለኤሊ።"

ሻጩ አሁን ቀና አለ። "ኤሊ? ይቺ የምትሄደው?"

"የምትበር አለች እንዴ?" አለ ወጋየሁ፤ ትዕግሥቱ አልቋል። "መብላት እንቢ ብሏል። ስድስት ቀኑ ነው።"

ሻጩ ትንሽ አሰበና የበግ የትል መርፌ አወጣለት፤ ኪሎውን አስልቶ መውጋት ነው፣ ምንም አይለውም አለ። ወጋየሁ ገዝቶ ገባ። ደግነቱ ያኤል ቤት ነበረች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ስለሆነ ስልኳ ከእጇ አይለይም፤ የመድኃኒቱን ስም ጻፈችና ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ። "አባዬ፣ ይሄን እንዳትነካው! ኤሊን ይገድላል ነው የሚለው!" ወጋየሁ ብልቃጡን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተውና እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ።

ቀጥሎ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ቢሮ ሄደ። ያገኛት ባለሙያ ጨዋ ነበረች፣ ወንበር ሰጠችው። "አባባ፣ እኛ ጋ ያለው የወተት ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ ነው። አህያም ቢሆን እናያለን። ኤሊ ግን አይተን አናውቅም፣ ዋሽቼ ምን ላድርግልዎት?" አለችው። ይሄኔ አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "የዱር እንስሳ አይደለም እንዴ? ፈቃድ አለዎት?" አለ። ወጋየሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ ሊመጣ እንደሚችል አስቦ አያውቅም። "ዞር ብዬ ልምጣ" ብሎ ወጣና የውሃ ሽታ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው የጠየቀው ትክክል ነው። ግን የታመመ ይዞ ለሄደ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ መሆን ነበረበት ወይ?

በመጨረሻ ያኤል ላፍቶ አካባቢ አንድ የውሻ ክሊኒክ አገኘች። ስልክ ደወለች፤ ያነሳው ሐኪም ራሱ ነበር፤ "አምጡት፣ ቢያንስ ልየው" አላት። ሻምበልን የሙዝ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው ታክሲ ተሳፈሩ። የታክሲው ረዳት ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከኛ መኪና ይፈጥናል" አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ወጋየሁ አልሳቀም።

ዶክተር ቢሊሱማ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ቀጭን ልጅ ነው። ሻምበልን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዐይኑን አየ፣ አፍንጫውን አየ፣ መዘነው። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ወጋየሁን ቀጥ ብሎ ተመለከተው።

"እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ። ውሻና ድመት በየቀኑ አያለሁ። ስለ ኤሊ የተማርኩት ግን አንድ ከሰዓት ነው፤ እሱም መብራት ጠፍቶ ግማሹ ላይ ቆሟል።"

ያኤል ተስፋ ቆረጠች። ወጋየሁ ግን ልጁን የወደደው ያኔ ነው። በሙያው እንደሚያውቀው፣ አላውቅም የሚል ግንበኛ ቤት አያፈርስም።

"እያነበብኩ፣ ሰው እየጠየቅኩ አክመዋለሁ፤ ከተስማሙ" አለ ዶክተሩ። ካርዱን አወጣ። "ስም?"

"ሻምበል።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"ሻምበል እያልኩህ! ወንድ ነው እንጂ" አለ ወጋየሁ፣ የሃያ ሁለት ዓመት እርግጠኝነት ይዞ። ልጁም ትልቅ ሰው ስለነገረው፣ ኤሊውም ጭራውን ሸጉጦ ስለነበር፣ ካርዱ ላይ "ወንድ" ብሎ ጻፈ። ሆዱ ደርቆ ይሆናል ብሎ ገመተ። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲያስቀምጡት አዘዘ፤ በሦስት ቀን ለውጥ ከሌለ ራጅ ያስፈልጋል፣ የራጁን ነገር እስከዚያ አፈላልጋለሁ አለ።

ሦስቱን ቀን ወጋየሁ ራሱ አጠበው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ውሃውን በክርኑ እየለካ፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ለውጥ የለም። ከሳፋው ሲወጣ እየተንገዳገደ ወደዚያችው ጥግ ይሄዳል፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ሊሾውን ይቧጥጣል። ሕመም ይዞት ነው ብሎ ወጋየሁ ያነሳውና ጥላ ውስጥ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ረቡዕ የውብነሽ የቤት ኅብረት ቀን ነው። ሴቶቹ የጸሎት ርዕስ ሲሰበስቡ ውብነሽ ዝም ልትል አስባ ነበር፤ ሰው የልጅ ሥራና የባል ጤና ይዞ በመጣበት ቦታ ኤሊ ማንሳት አሳፈራት። ግን ባሏን ስታስብ አላስቻላትም። "በቤታችን የታመመ አለ፣ ጸልዩልን" አለችና ቁጭ አለች። ማን እንደሆነ አላለችም። ስህተቷ ይሄ ነው። የታመመ አለ ተብሎ የማይጠይቅ እህት የት ይገኛል? በነጋታው አምስቱም እህቶች ሙዝና ብርቱካን፣ አንዷ ደግሞ የሾርባ ቴርሞስ ይዘው በሩን አንኳኩ።

"እህት ውብነሽ፣ ታማሚው የት ነው የተኛው?"

ውብነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ምኞቷ ነበር። መዋሸት አትችልም። "ኑ" ብላ ወደ ኋላ ወሰደቻቸው። ወጋየሁ ሳፋው አጠገብ ተቀምጧል። ሴቶቹ ኤሊውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ቴርሞስ የያዘችው ሾርባውን ወዴት እንደምታደርገው ግራ ገባት።

አንዷ ግን አልሳቀችም። ቃለሕይወት ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታለች፤ የሠፈሩን ግማሽ ልጅ የተቀበለችው እሷ ናት። ሻምበል ከሳፋው ወጥቶ ወደ ጥጉ ሲሄድ ዐይኗን ተከለችበት። ሲዞር አየችው። በግራ የኋላ እግሩ ሲቧጥጥ፣ ሲያርፍ፣ በቀኙ ሲቧጥጥ፣ ሲያርፍ አየችው። ቦርሳዋን ለሌላዋ አቀብላ ቁጢጥ አለች።

"ወንድም ወጋየሁ፣ ይሄ ነገር ስንት ቀኑ ነው?"

"መብላት ካቆመ አሥር ቀኑ።"

"መብላቱን አይደለም። ይሄ መቧጠጡ።"

ወጋየሁ አሰበ። "እሱማ ቆየ። ወር ገደማ።"

"እያረፈ ነው የሚያምጠው፣ አታይም?" አለች ቃለሕይወት። "ያማጠ፣ ያረፈ፣ ያማጠ። ይሄን እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። ወንድ ነው ያላችሁ ማነው?"

ወንድ ነው ያላቸው ሰው አልነበረም።

ያኤል ለዶክተር ቢሊሱማ ደወለች። እሱም በዚያው ከሰዓት የፈረስ እግር ራጅ የሚያነሳበት ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ያለው ጓደኛውን ይዞ መጣ። ኤሊውን በጀርባው ገልብጦ ጭራውን፣ የሆዱንም ድንጋይ መሰል ሽፋን አየና ፊቱ ቀላ። "የወንድ ሆድ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ይሄ ለጥ ያለ ነው። ያኔውኑ ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ራጁ ሲነሳ በላፕቶፑ ላይ የሆነው ነገር ታየ፦ ክብ፣ ክብ፣ ክብ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያካክሉ አሥራ አንድ እንቁላሎች፣ ሆዷን ሞልተውታል።

ስለዚህ ሻምበል እሷ ናት። እኛም ከዚህ በኋላ እሷ እንበላት።

ዶክተሩ ምስሉን ናይሮቢ ለሚገኝ አንድ የኤሊ ሐኪም በቴሌግራም ላከለት። ሰውየው በድምፅ መለሰ፣ ዶክተሩም እያዳመጠ ተረጎመላቸው። እንቁላሎቹ ቅርፊታቸው ወፍሯል፣ ብዙ ቆይተዋል። ኤሊ የምትቆፍረው አፈር ካላገኘች አትወልድም፣ ይዛ ትቆያለች፤ ሰውነቷ እስኪከዳት ይዛ ትቆያለች። ካልሲየም አሁኑኑ ትወጋ። ምጥ የሚያፋጥነው ኦክሲቶሲንም ለነገ ይዘጋጅ፤ ይህንንማ ቃለሕይወት ከዶክተሩ በላይ ታውቀዋለች። ከመርፌው በፊት ግን አፈር ያስፈልጋታል። ጥልቅ፣ ልል፣ ፀሐይ ያሞቀው አፈር። እስከ ነገ ማታ ካልወለደች መቅደድ ነው፤ በዚህ አቅሟ መቅደዱን የምትችለው አይመስለኝም አለ የናይሮቢው ሰው።

"የጸሎት ቤታችን አትክልት ቦታ አለ" አለች ውብነሽ ቶሎ ብላ። "እዚያ እንውሰዳት።"

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። "በማታውቀው ቦታ ደንግጣ ጭራሽ ትተወዋለች ይላል። ቦታውን መርጣለች። የሚሻለው የመረጠችው ቦታ ነው።"

ሁሉም ጥጉን አየ። ሊሾው ያብለጨልጫል። ጭረቶቹ የተደፈኑበት ቦታ ከሌላው ትንሽ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ከባለሙያ በቀር ማንም አይለየውም። ወጋየሁ ለየው። አንዱን፣ ሁለቱን፣ አራቱን። በር ስታንኳኳ ኖራለች፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ በሩን ሲለስንባት።

ገብቶ ዲጂኖና መዶሻ ይዞ ወጣ።

ለሰው የሠራው ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት ይፈርስ ነበር። ለራሱ ብሎ ያወፈረው ሊሾ ግን ዲጂኖውን እያነጠረ መለሰበት። ብረት አለው፣ ጠጠሩ ተመርጦ የገባ ነው፣ ውሃ የጠጣው ሳምንት ሙሉ ነው። የራሱ ጥሩ ሥራ በላብ አጠመቀው። ያኤል ላግዝህ አለችው፣ አልሰማትም። ሊሾው ሲለቅ ከሥሩ የነጠፈውን ድንጋይ አንድ በአንድ እየፈነቀለ አወጣ። ከድንጋዩ ሥር ጥቁሩ አፈር መጣ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። አካፋውን አስገባ፣ አነሳ።

አካፋው ላይ ነጭ ነገር ነበረ።

ጎንበስ ብሎ በጣቱ አፈሩን ጠረገለት። እንቁላል ነው፤ ደርቆ ቀልሏል፣ ጎኑ ገብቷል። ከሥሩ ሌላ ነበረ። ከዚያ የተሰባበረ ቅርፊት፣ የቆየና የበለጠ የቆየ፣ ከአፈሩ ጋር የተቀላቀለ፣ አካፋው በገባ ቁጥር የሚወጣ። ዶክተሩ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አየና "በየዓመቱ እዚህ ስትጥል ኖራለች ጋሼ" አለ። "እናንተ አላያችሁም እንጂ።"

ወጋየሁ የደረቀውን እንቁላል በመዳፉ እንደያዘ ክምሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"በላያቸው ነው ያፈሰስኩት" አለ ለውብነሽ።

"አላወቅክም" አለችው።

"ብረት ሁሉ ዘርግቼ።"

ውብነሽ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ኖራለች፤ አባቱ ሲሞት አይታዋለች፤ እንባውን ግን አይታ አታውቅም ነበር። ዞር ብላ ሴቶቹን ወደ ቤት ይዛቸው ገባች፣ ሾርባውም ተጠጣ። ዶክተሩ ነገሩን ለማቅለል ብሎ "ለነገሩ ወንድ ስላልነበረ ባዶ እንቁላሎች ናቸው፤ አሸዋ ውስጥም ቢሆን አይፈለፈሉም ነበር። አሁን ያሉትም እንደዚያው ናቸው" አለው። ወጋየሁ እሺ አለና እንደገና ተነሥቶ ቆፈረ። አፈሩን በእጁ አፈረፈረ፣ ጥቂት አሸዋ ጨመረበት፣ ጠጠሩን ለቅሞ አወጣ፣ ፀሐይ እንዲያገኘው ወደ አንድ ጎን አጋደለው።

በነጋታው ረፋዱ ላይ፣ አፈሩ ሲሞቅ፣ ሻምበልን አንሥቶ ዳሩ ላይ አስቀመጣት። አፈሩን ስትረግጥ አንገቷ ወጣ። ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ሆኖ ያያል። ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ቆፈረች። ጥፍሮቿ አልቀዋልና ቀስ ብላ ነው፤ ግራ፣ ዕረፍት፣ ቀኝ፣ ዕረፍት። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። የመጀመሪያው እንቁላል ሲወርድ ቃለሕይወት ከልማድ የተነሣ ሰዓቷን አየች። ዘጠነኛው ላይ አቅም አጥታ ቆመች፤ ዶክተሩ መርፌውን ወጋት፤ ከሰዓት በኋላ ቀሪዎቹ ሁለቱ ወረዱ። ከዚያ ደክሟታል ትተኛለች ብለው ሲጠብቁ አፈሩን በኋላ እግሮቿ መመለስ ጀመረች። መለሰች፣ በሆዷ ተጫነችው፣ ብድግ ብላ ደግማ ተጫነችው፣ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው፤ ቦታው ከሌላው አፈር እስከማይለይ ድረስ። ወጋየሁ ዐይኑን ሳይነቅል አያት። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስትጨርስ ወደ ውሃዋ ሄደች፣ ረጅም ጊዜ ጠጣች። በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ያኤል ያቀረበችላትን ጎመን ነከሰች። ያኤል ጮኸች፣ ውብነሽ "ተመስገን ጌታዬ!" አለች። ዶክተሩ ደክሞት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ለናይሮቢው ሰው ምስል ላከ።

ወጋየሁ ያፈረሳቸውን የሊሾ ቁርጥራጮች ሰብስቦ በአፈሩ ዙሪያ፣ ሰው እንዳይረግጠው፣ ክብ አድርጎ ይደረድር ነበር። ውብነሽ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ዶክተሩ ያለውን አልሰማህም?" አለችው በቀስታ። "ባዶ ናቸው እኮ።"

ወጋየሁ የመጨረሻውን ቁራጭ አስተካክሎ አስቀመጠ።

"እሷ አታውቅም" አላት።